ቱቦው የምክር ቤቱ በጀት ውስጥ እንዲገባ ያደረግነው

መንገዳችን መካከለኛ ዝናብ በዘነበ ቁጥር በጎርፍ ይዋጥ ነበር። አሁን አዲስ የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ ተቀብሮበት አስፋልቱም ታድሷል። ገንዘቡ ከከተማው ምክር ቤት እንዴት እንደተገኘ እዚህ የምጽፈው ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ከየት መጀመር እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን የነገሩ ማለቂያ ነው። አባላቱ ፊት የሚቀርበው የፕሮጀክት ዝርዝር ከወራት በፊት በመሐንዲሶቹና በፋይናንስ ክፍሉ ተዘጋጅቶ ያደረ ነው። ብዙ ከተሞች የአምስት ዓመት ያህል የካፒታል ዕቅድ፣ ማለትም የትላልቅ ግንባታዎች ዕቅድ፣ አውጥተው በየዓመቱ ይከልሱታል፤ ገንዘብ የሚመደበው ግን ለመጀመሪያው ዓመት ሥራ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ፕሮጀክት በሕዝብ ውይይቱ ላይ የቱንም ያህል ቢጮህለት በዚያ ዓመት የማለፍ ዕድሉ የመነመነ ነው። ስለዚህ ከአዳራሹ በፊት የመሐንዲሱን በር አንኳኳሁ።

ይዤ የሄድኩት ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ማስመሪያ አቁሜ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ነው፤ ቀንና ሰዓት አላቸው፤ ውሃው ለመጉደል ስንት ጊዜ እንደፈጀበትም ጽፌበታለሁ። መሐንዲሱ ከዝናብ መለኪያው መዝገብ ጋር አስተያያቸው። የመንገድ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚነደፈው “የ10 ዓመት ዝናብ” ለሚባለው፣ ማለትም በየትኛውም ዓመት የመከሰት ዕድሉ 10 በመቶ ለሆነ ዝናብ ነው። የእኛ መንገድ ከዚያ በጣም ባነሰ ዝናብ እየሞላ ነበር።

ማንሆሎቹን አስከፈተ። ከላይ የሚመጣው ቱቦ ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከታች የሚቀበለው 40። ልዩነቱ ለዓይን ያን ያህል አይደለም። ተዳፋቱና የቱቦው ዓይነት አንድ ከሆነ ግን ባለ 40ው ሞልቶ ሲፈስ የሚያሳልፈው ውሃ ባለ 60ው ከሚያሳልፈው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው። ይህን ለእያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ደጋግሜ ነግሬአለሁ። ካቀረብኩት ሁሉ አባላቱ አስታውሰው መልሰው የጠየቁኝም ስለዚሁ ነው።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛን ቱቦ ብቻ ማስፋት ጎርፉን ወደ ታችኛው ሰፈር መላክ ማለት ነው። ሥራው ከመውረጃው፣ ማለትም ውሃው በመጨረሻ ከቱቦው ከሚወጣበት ቦታ፣ ተነስቶ ወደ ላይ መምጣት ስላለበት፣ ለራሴ መንገድ በጀት ለማግኘት በቅድሚያ ለማላውቃቸው ሰዎች መንገድ መከራከር ነበረብኝ። አንዳንድ ጎረቤቶቼ “ደክመን ደክመን እነሱ ይቅደሙ?” ብለው አዘኑ። አልፈርድባቸውም፤ ውሃ ቤቱ የገባበት ሰው መጠበቅ ያንገሸግሸዋል። ሆኖም በጀት በአብላጫ ድምፅ እንጂ በአንድ ተመራጭ አይጸድቅም። የታችኛው ሰፈር ተወካዮች ጉዳዩን የራሳቸው አድርገው የያዙት ያኔ ነው።

የገንዘብ ምንጩ ላይ መንገድና ጎርፍ ብዙ ጊዜ ካዝናቸው ለየብቻ ነው። አንዳንድ ከተሞች ለጎርፍ ማስወገጃ የተለየ ክፍያ ያስከፍላሉ፤ ክፍያው የሚሰላው ውሃ በማያሰርገው የጣሪያና የኮንክሪት ስፋት ነው። እኛን የጠቀመን መንገዳችን ቀድሞውኑ የአስፋልት ዕድሳት ዕቅድ ውስጥ መግባቱ ነው። አስፋልት አልብሶ ቱቦ ለመቅበር መልሶ መቁረጥ ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፤ የተቆረጠው ቦታም ቶሎ ይሰምጣል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጨረታ እንዲወጡ ጠየቅን፤ የፋይናንስ ክፍሉን ያሳመነው ይህ ነው።

በቋሚ ኮሚቴው ፊት ያልጠበቅነው ጥያቄ መጣ፦ “ከተሠራ በኋላ ማን ያጸዳዋል?” የካፒታል በጀት አብዛኛውን ጊዜ ለመደበኛ ጥገና አይውልም። ጽዳቱን የሚሠራው ክፍል በመደበኛ በጀቱ እንደሚይዘው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ አደረግን። ያ ደብዳቤ ባይኖር ጉዳዩ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጸደቀ፤ የጸደቀው ግን የታችኛው ምዕራፍ ነው። የእኛ በዕቅድ ላይ ብቻ ነበር፤ ዕቅድ ደግሞ በየክለሳው ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ የፕሮጀክቱን መለያ ቁጥር ከቃለ ጉባኤው ላይ ይዘን ክለሳ በመጣ ቁጥር እንጠይቅ ነበር። አንድ ጊዜ በእርግጥም ወደኋላ እንዲገፋ ሐሳብ ቀረበ። ያን ዕለት ተነስተው “የእነሱ ይቀጥል” ብለው የተናገሩት ቱቦ የተቀበረላቸው የታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች ናቸው፤ ሐሳቡም ውድቅ ሆነ።