ጉበት በአይስክሬም

የምግብ ማብሰል ውድድር ሳይ በጉጉት የምጠብቀው የጣፋጩን ዙር ነው። ጎበዝ የተባለው ሼፍ ሁሉ እዚያ ላይ ሲደናገጥ ታያላችሁ። ብዙዎቹ ስጋና አሳ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ዱቄትና ስኳር እየመዘኑ መሥራት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

የአሜሪካው የማብሰል ውድድር «ቾፕድ» ላይ ለጣፋጭ የሚሰጠው 30 ደቂቃ ብቻ ነው። ለተወዳዳሪው በሚሰጠው ቅርጫት ውስጥ ያሉትን አራት ነገሮች በሙሉ መጠቀም ግዴታ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ወደ ዳቦ ፑዲንግ፣ ማለትም በወተትና በእንቁላል ተነክሮ ወደሚጋገር ዳቦ ይሮጣሉ። አይፈረድባቸውም፤ እኔን ግን አያጓጓኝም።

ልቤን የሚወስደው የአሜሪካዊው ሼፍ የሪቻርድ ብሌስ ዓይነቱ ድፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 «ቶፕ ሼፍ» በተባለው ሌላ የማብሰል ውድድር፣ የቀድሞ ተወዳዳሪዎች በተመለሱበት የ«ኦል ስታርስ» ዙር ፍጻሜ ላይ የፉዋ ግራ፣ ማለትም ተቀልቦ የሰባ የዳክዬ ወይም የዝይ ጉበት አይስክሬም ይዞ ቀረበ። ከበቆሎ ዳቦና ከማንጎ ጋር! አሸነፈም።

ስትሰሙት «ጉበት በስኳር?» ያሰኛል። ግን እስቲ አስቡት። አይስክሬምን አፍ ውስጥ ልስልስ የሚያደርገው ስብ ነው። ይህ ጉበት ደግሞ አብዛኛው ስብ ስለሆነ የክሬምን ሥራ ይሠራል። ጨው ጠብ ሲልበት ጣፋጭነቱ ይጎላል። የማንጎው ኮምጠጥ ማለት ደግሞ ቅባቱ ቶሎ እንዳይሰለች ያደርጋል። አቮካዶ በቸኮሌት ሙስ (አረፋ መሰል ለስላሳ ጣፋጭ) ውስጥ የሚገባውም ስቡ የክሬምን ሥራ ስለሚሠራ ነው።

ቤከን፣ ማለትም ጨው የበዛበት የአሳማ ስጋ ፈርፍረው ኬክ ላይ የሚነሰንሱትን ግን አልወድላቸውም። ቤከኑን ብታነሱት ኬኩ ምንም አይጎድልበትም።