ሐይቁ ለዓይን፣ ሳፋው ለገላ

ሰኔ ሲገባ ጥያቄው ይጀምራል። ውጭ አገር ያለው ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም «ሐዋሳ ሐይቅ አላችሁ አይደል? ልጆቹ ክረምቱን ሲዋኙ ሊከርሙ ነው፤ ታድለው!» ይላል። ሐዋሳ ያሉት ዘመዶችም በስልክ «የመዋኛ ልብስ እንዳትረሱ» ይላሉ። ቁምጣው፣ መነጽሩ፣ የሚነፋው ዳክዬ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ያን ሁሉ ሰዓት ተበርሮ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ይደረሳል። የአራት ዓመቱ ልጅ ጫማውን አውልቆ ወደ ውሃው ይሮጣል፤ እናቱ ከኋላ ክንዱን ለቀም አድርጋ «አይቻልም!» ትላለች። በአያቱ ፊት።

ዲያስፖራ ቤተሰብ ሐዋሳ ላይ የሚያፍርባት ቅጽበት ይህች ናት። ልጁ ያለቅሳል፤ አያት ፊታቸው ይቀየራል። «ምነው ልጄ፣ አንቺን ያሳደገሽ ውሃ አይደለም እንዴ?» ይሏታል። አገሩን የናቀ፣ ዘመዱን የተጸየፈ ይመስላል። ጉዳዩ ግን ንቀት አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ምክንያቱን አውቆ መሄድና የልጁን የውሃ ጨዋታ ሌላ ቦታ ማዘጋጀት።

ምክንያቱ ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ዓይነ ምድር ውሃ ውስጥ ሲገባ የትሉ እንቁላል ይፈለፈላል። ከዚያ ሣርና ቄጠማ ባለበት ዳርቻ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ወጥቶም በውሃው ውስጥ ይዋኛል፤ የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ቁስል አይፈልግም፣ ውሃውን መዋጥም አያስፈልግም፤ በዓይንም አይታይም። ከቀንድ አውጣዋ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ ማለትም ልጅ ውሃ በሚያምረው ሰዓት ነው። ደግሞ ይበልጥ አስጊው ሣር ያለበት ዳር እንጂ የሐይቁ መሃል አይደለም። ስለዚህ ለማስታረቅ ተብሎ «እሺ፣ እግሩን ብቻ ይንከር» የሚባለው ነገር ልጁን በትክክል መግባት ወደሌለበት ቦታ ይከተዋል።

«የአሳ አጥማጁ ልጅ ቀኑን ሙሉ ውስጡ አይደለም ወይ?» ይባላል። ነው፤ እሱንም ይዞታል። በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የትል መድኃኒት የሚታደለው በከንቱ አይደለም።

ቢከለከልም ሾልኮ የገባ ልጅ አይጠፋም። ወዲያው በደረቅ ፎጣ ጠንከር አድርጎ ማሸት ጥሩ ነው፤ ግን መከላከያ ነው ብሎ መተማመን አይገባም። «በዚያው ሳምንት መድኃኒቱን ይውሰድና ይገላገል» የሚለው ሐሳብም አይሠራም፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፣ ገና የገባውን አይደለም። ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈ በኋላ ምርመራ ይደረግለት። ከዚያ በፊት ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ሽፍታ ቢመጣ ለውጭው ሐኪም «ኢትዮጵያ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ነበር» ብላችሁ ንገሩ። ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል።

ለአያት ደግሞ ሐይቁ ዳር ቆሞ ማስረዳት አይሆንም። ከመሄድ በፊት በስልክ፣ «ሐኪሙ ሐይቅ እንዳይገባ አዟል» ማለት ይበቃል። እኛ ዘንድ ከልጅ ቃል ይልቅ የሐኪም ትእዛዝ ይከበራል፤ ያኔ አያት ራሳቸው ዋና ጠባቂ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ደስታው። ሐይቁ ለዓይን ሲሆን ወደር የለውም፤ ሰዓቱ ግን ጠዋት ነው። አሳ አጥማጆች ሌሊት ውሃ ውስጥ ያደረውን መረብ ይዘው አሞራ ገደል ከሚባለው የአሳ ገበያ የሚደርሱት በማለዳ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ገበያው ሞቅ ይላል። ወጣቶቹ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ እየገፈፉ ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩ የሚያይ ልጅ ዓይኑን አይነቅልም። ከኋላቸው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። አንድ አባ ኮዳ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን አንድ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ ቀና ብሎ የሚያየው ወፍ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ እጁን ያዙት፤ ብስኩትም ሆነ ዳቦ አታስይዙት፣ ምንቃሩ ቀልድ አያውቅምና።

የምግቡ ነገር ለዝንጀሮ ዘመዶችም ይሠራል። ጉሬዛው ዛፍ ላይ ሆኖ ቅጠሉን ይበላል፣ ሰው አያስቸግርም። ጦጣው ግን ሙዝ የያዘ ልጅ ካየ ወርዶ ይነጥቃል፣ ሲነጥቅም ይቧጭራል። ከቧጨረ ወይም ከነከሰ ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብና ያኔውኑ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ተቋም መሄድ ነው። «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ አይታለፍም። ከውጭ ስትነሡ ክትባቱን አስቀድሞ ስለ መውሰድ የልጆች ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አሳው ሲቀርብ፣ ጥብሱን ከጀርባው በኩል ፈልቅቃችሁ ለልጅ ስጡ፤ በሆዱ በኩል ያሉት ቀጫጭን የጎድን አጥንቶች ናቸው ጉሮሮ ላይ የሚሰኩት። ቁራሹን በጣት ጨፍልቆ ሳይፈትሹ ማጉረስ አይገባም። አምባዛ እሾሁ ትንሽ ስለሆነ ለልጅ ይቀላል፣ ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት ግን ብዙ ናቸው። ሾርባውን አጥልሉት። ዳጣው በሌላ ሳህን ይሁን። ጥሬ አሳ ደግሞ ለአዋቂው ቢጣፍጥም ለልጅ አይሆንም፤ ጥሬው ላይ የሚኖር ትል አለ።

ጀልባ የሚወጣም በጠዋቱ ይውጣ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ውሃው ይናወጣል። የልጅ ተንሳፋፊ ጃኬት ከውጭ ይዛችሁ ኑ፤ በኪሎ የሚመረጥ ነው፣ በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሁን። የአዋቂ ጃኬት ለሕፃን ማልበስ ምንም እንዳለማልበስ ነው፤ ውሃ ላይ ልጁ ሾልኮ ይወጣል። ጉማሬ ሲታይ «ትንሽ ጠጋ በል» ብላችሁ ባለጀልባውን አትገፋፉት። ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ስለሚወጣ፣ ሲመሽ ቄጠማው አጠገብ ከልጅ ጋር አትዘዋወሩ።

ውሃ የጠማው ገላስ? ለሱ ሳፋ አለ። እናቶቻችን እኛን ያጠቡበት ዘዴ ነው፤ ፈረንጅ አገር በገንዘብ ከሚገዛው የጓሮ ገንዳ አያንስም። ትልቁን የፕላስቲክ ሳፋ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በቧንቧ ውሃ ሙሉና ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋቱን ተጠቀሙበት። 6 ሰዓት ሲሆን ሳፋውን ወደ ጥላ ሳቡ፤ ውሃውን በክርናችሁ ፈትሹ፣ ካቃጠለ ቀዝቃዛ ጨምሩ። ልጁ ሲቀመጥ ከእምብርቱ በታች ይሁን። የሃይላንድ ክዳን በጋለ ምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱና ጠርሙሱን ሞልታችሁ ስጡት፤ ሲጨምቀው ይረጫል፣ ሌላ መጫወቻ አይጠይቅም። የቧንቧው ውሃ ለመጠጥ እንዳልሆነ ንገሩት፤ ሲጫወት የሚጠጣውን የታሸገ ውሃ አጠገቡ አድርጉ። ሳፋ ነው ብሎ መዘናጋት ግን የለም፤ ሕፃን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሰምጣል። ስልክ ቢጠራ፣ ቡናው ቢገነፍል፣ ወይ ልጁን አንሥቶ መሄድ ወይ አለመሄድ ነው። ሲያልቅ ውሃውን ደፍቶ ሳፋውን መገልበጥ፤ የቆመ ውሃ ትንኝ ይስባል።

መዋኘት የግድ ከሆነ ሆቴሎች ገንዳ አላቸው፣ በቀን ከፍለው ይገቡበታል። ወለሉ ጥርት ብሎ የማይታይ ገንዳ ውስጥ ልጅ አታስገቡ። ነፍስ አድን ሠራተኛ አለ ብላችሁም አትተማመኑ፤ ራሳችሁ ግቡ።

ስለ ትንኝ ከተነሣ፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወባ አለ። የመከላከያው መድኃኒት በልጁ ክብደት ይታዘዛል፣ ከመነሣት በፊት ይጀመራል፣ ከተመለሱም በኋላ ይቀጥላል፤ ብዙው ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ተመልሳችሁ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ልጁን ትኩሳት ከያዘው መጀመሪያ የምትናገሩት «ኢትዮጵያ ነበርን» የሚለውን ነው።

ዝናቡ ሲመጣ በረንዳ ላይ ከሰል ይያያዛል፣ በቆሎ እሸት ይጠበሳል። ለትንንሾቹ ፍሬውን ፈልፍላችሁ፣ ለስለስ ያለውን መርጣችሁ ስጡ። ዝናቡ ሲያባራ የሰፈር ልጆች ይመጣሉ። እዚህ ላይ ወላጅ እጁን ይሰብስብ። ውጭ አገር ልጅ ከልጅ የሚጫወተው በእናቶች ቀጠሮ ነው፤ ሐዋሳ ላይ በር መክፈት ይበቃል። አስተርጓሚ ሆናችሁ መሃል አትግቡ፤ ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ ሲሠመር፣ ብይ ወደ ጉድጓዱ ሲንከባለል ቋንቋ አይጠይቅም። ከውጭ የምታመጡት ስጦታ ወፍራም የመሬት ጠመኔ ይሁን፣ አንድ ፓኮ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል። ብይ ግን ከሦስት ዓመት በታች ላለው አይሰጥም፣ ይውጠዋል።

ትኬት ስትቆርጡ ቡሄን አስቡ። ነሐሴ 13 በፈረንጆቹ ኦገስት 19 ነው፤ ብዙ ሰው ትምህርት ሊከፈት ነው ብሎ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ይመለሳል፤ ልጁም ችቦውን ሳያይ፣ ሙልሙሉን ሳይቀምስ፣ ከጓደኞቹ ጋር «ሆ!» ሳይል ይቀራል። ፍልሰታም በዚያው ሰሞን ስለሆነ ለሕፃን የሚሆን ወተትና እንቁላል አስቀድማችሁ ያዙ፤ የጾመ ቤት ማድቤት ውስጥ አታገኙትም።

አሁን ሐዋሳ ሆናችሁ ከነልጆቻችሁ ወደ አሜሪካ ልትሄዱ የቪዛ ፎርም ለምትሞሉት ደግሞ፦ አሜሪካ የበጋው ዕረፍት አሥር ሳምንት ያህል ነው፤ እናትና አባት ሥራ ላይ ናቸው፣ አያት የለም፣ የሰፈር ዓይን የለም። የበጋ ካምፕ ምዝገባ በብዙ ቦታ የሚጀመረው ገና በጥርና በየካቲት ነው፤ ግንቦት ላይ የጠየቀ ርካሹን አያገኝም። ልጆቹ ገንዳ ይጋበዛሉ። በጥጥ ቁምጣና ቲሸርት የገባ ልጅ ብዙ ቦታ ፊሽካ ተነፍቶበት ሰው ሁሉ እያየው ይወጣል፤ ለዳይፐር ልጅ ደግሞ የመዋኛ ዳይፐር የግድ ነው። በክንድ ላይ የሚነፋው ላስቲክ አያድንም፣ ብዙ ገንዳዎችም አይቀበሉትም። ጥልቁ ጋ ለመሄድ ልጁ ተፈትኖ ማለፍ አለበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ዋና ትምህርት ከአንድ ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ሊሰጥ ይችላል ይላል፤ እኛ ሐይቅ ዳር አድገን ብዙዎቻችን መዋኘት አንችልም። ስለዚህ ቪዛው እስኪመጣ ባለው ጊዜ፣ ንጹሕ የሆቴል ገንዳ ፈልጋችሁ ልጆቹን አስተምሩ፤ እናንተም አብራችሁ ተማሩ።