ፓስፖርት ልታድሱ ከሆነ መጀመሪያ የልደት ቀናችሁን አስሉ

እናቴን ይዤ ለዑምራ ልሄድ ነበር። የሷ ፓስፖርት ገና ብዙ ይቀረዋል። የኔም አላለፈበትም፤ ግን የጉዞ ወኪሉ ገልጦ አየና መለሰልኝ። ሳዑዲ ለመግባት ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር ሊቀረው ይገባል። ደሴ ውስጥ የማለቂያውን ቀን ብቻ አይቶ «ገና ነው» ብሎ የሚቀመጠው ሰው ብዙ ነው። ማንም ቀድሞ አይነግረውም።

ፎርሙን ኦንላይን ሞላሁ፣ ቀጠሮ ያዝኩ፣ የአስቸኳዩን ክፍያ በስልኬ ከፈልኩ። ብሩ ከመደበኛው በጣም ይበልጣል፤ ቢሆንም ቀን ለጠበበበት ሰው ያዋጣል። ልቤን ያወለቀው ሌላ ነው።

ለጥንቃቄ ብዬ ከቀበሌ አዲስ የልደት ሰርተፍኬት አውጥቼ ነበር። ሰርተፍኬቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፋል። የተወለድኩት ጥቅምት 12 ቀን 1985 ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 22 ቀን 1992። አሮጌው ፓስፖርቴም የሚለው ይህንኑ ነው። ሰርተፍኬቱ ግን በአማርኛው ልክ ሆኖ በእንግሊዝኛው 1993 ይላል። ጸሐፊዋ ዝም ብላ 8 ደምራለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ 8 የሚሆነው የፈረንጆቹ ዓመት ከተለወጠ በኋላ ነው። በነዚህ ወራት የተወለዳችሁ ሁሉ፣ አሁኑኑ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ እዩ።

ፓስፖርት ቢሮው መስኮት ላይ ሁለቱ ቀኖች ሲለያዩ ጉዳዬ እድሳት መሆኑ ቀረ። የልደት ቀን ማስተካከል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «ሰርተፍኬቱን አስተካክለሽ ነይ» ተባልኩ።

ቀበሌ ስመለስ ጸሐፊዋ «ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው እህቴ» አለችኝ። ኮምፒውተሩማ የነገሩትን ነው የሚያወጣው! ከጀርባዋ ካሌንደር ተሰቅሏል። የጥቅምትን ገጽ ገለጥኩላት። ከላይ በትልቁ 2017፣ ከሥሩ በትንሹ 2024። ጣቴን ቁጥሮቹ ላይ አድርጌ «ቀንሺው እስቲ» አልኳት። ቀነሰችው። «እውነትሽን ነው» አለች።

ከዚያስ? ማኅተም የሚይዘው ሰውዬ ስብሰባ ገብቷል፣ ነገ ነይ። ነገ መብራት የለም። መብራት ሲመጣ ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲሠራ ሰውዬው ለስልጠና ኮምቦልቻ ወርዷል። «አብሽሪ፣ ይደርሳል» ይሉኛል። ክፋት የለባቸውም፤ ይበልጥ የሚያናድደውም ይሄ ነው። የእናትሽን ጤና ይጠይቁሻል፣ ወንበር ይስቡልሻል፣ አንዲት ቁጥር ግን አያርሙልሽም። ከኩታበር የመጡ አንድ አባት አጠገቤ ቆመው ነበር፤ የልጃቸው ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ። እኔ ሰፈሬ ስለሆነ በእግሬ እመላለሳለሁ። እሳቸው «ነገ ይምጡ» ሲባሉ የመኪናውን ከየት ያመጣሉ?

በሩ ላይ ደላላ አለ። «ሰው አለኝ፣ ዛሬውኑ ላስጨርስልሽ» አለኝ። አምስት ሳንቲም አልሰጠሁትም፤ በዚህ እኮራለሁ። ይልቅ የኃላፊው ቢሮ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሲወጣ ሰርተፍኬቱንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን ያዝኩለት። ጸሐፊዋን ጠርቶ አስተካክላ እንድታትም አዘዘ፤ ፊርማውም ማኅተሙም እዚያው ቆሜ ተጨረሰ። ያን ሁሉ ቀን ያለቀሰ ሰው የሚፈልገው ይህችን ነበር።

«ያለሽን ማስረጃ ሁሉ ይዘሽ ሂጂ» የሚሏችሁን አትስሙ። ለእድሳት አሮጌውን ፓስፖርትና መታወቂያችሁን ያዙ፤ ሌላ ካልተጠየቃችሁ አታውጡ። ከተጠየቃችሁም፣ አዲሱን ወረቀት ከቀበሌው በር ሳትወጡ ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩት። ስምም እንዲሁ ነው። መሐመድ በላቲን በአንድ ኤም ይጻፍ በሁለት፣ አሮጌው ላይ እንዳለው አድርጉት። ቪዛውም ትኬቱም ከሱ ጋር መግጠም አለበት።

ፓስፖርቱ ሲሰጠኝ ከመስኮቱ ሳልነቃነቅ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ልክ ነበር። ቪዛው ወጣ፣ ከእናቴ ጋር ሄደን ተመለስን። ባለፈው ግን የጎረቤቴ ልጅ ከዚያው ቢሮ ያወጣውን ሰርተፍኬት አሳየኝ። ልጁ የኅዳር ነው፤ አሁንም 8 ደምረውበታል።