20 ሺህ ብር ላለማስያዝ ብዬ የጣልኩት ጨረታ

ዘጠኝ ሴቶች ሆነን በልብስ ስፌት የተደራጀነው በ2009 ዓ.ም. ነው። መደራጀቱ ብዙ አላስቸገረንም። መታወቂያችንን ይዘን ወረዳ ሄድን፣ መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ ተፈራረምን፣ ቲን አወጣን፣ ንግድ ፈቃድ ተሰጠን። ቀጥሎ ቫት፣ ከዚያ የአቅራቢነት ምዝገባ። የአነስተኛ ተቋም ሰርተፍኬታችንን በፍሬም አድርገን ሼዱ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። እኔ ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ነው።

በ2011 አዲስ ዘመን ላይ የጥበቃ ደንብ ልብስ ጨረታ ወጣ፤ ካኪ ሱሪና ሸሚዝ፣ ከነካፖርቱ። ሂሳብ ያዣችን ማስታወቂያውን ቆርጣ ኦቨርሎክ ማሽኑ ላይ ለጠፈችው። የጨረታ ማስከበሪያው፣ ማለትም ተጫራቹ አሸንፎ እንዳይሸሽ የሚያስይዘው ገንዘብ፣ 20 ሺህ ብር በሲፒኦ (ባንክ አረጋግጦ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ነው። ከሥሩ ደግሞ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ተጫራቾች ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ እንደሚችሉ ይገልጻል።

እያፈርኩ የምናገረው እዚህ ላይ ነው። 20 ሺህ ብሩ ባንክ ነበረን። ሴቶቹ «ሲፒኦውን አሠርተን እንገላገል» አሉ። «መብታችን እያለ ለምን ብር እናስይዛለን? ጨርቅ እንገዛበታለን» ብዬ የሞገትኩት እኔ ነኝ። ሥልጠና ላይ የነገሩንም ይህንኑ ነበር።

ወረዳ ሄድኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ነው። በማግስቱም ስብሰባ ነው። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ተገኘ፤ ማህተም የምትይዘው ልጅ ደግሞ ሐዘን ደርሶባት የለችም። በአራተኛው ቀን ባለሙያው ኮምፒውተሩን ከፈተና ለሌላ ማኅበር የጻፈውን ደብዳቤ አውጥቶ ስሙን ብቻ ቀየረው። «ማኅበሩ በወረዳችን ተደራጅቶ እየሠራ መሆኑን እየገለጽን፣ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት እንጠይቃለን» ይላል።

«ዋስ ነን የሚል ቃል የለውም እንዴ?» አልኩት።

«እህቴ፣ ለሁሉም የምንሰጠው ይሄንን ነው። እስካሁን ተመልሶ የመጣ ሰው የለም።»

አመንኩት። ክብ ማህተሙ ደምቆ ታትሟል፤ ልቤ እዚያው ቀረ።

ዋዜማውን ኦሪጅናሉንና ኮፒውን፣ ቴክኒካሉንና ፋይናንሻሉን ለየብቻ እያሸግን፣ ሰም እያቀለጥን አመሸን። ሳምፕል ካፖርቱን ራሴ ነበርኩ የሰፋሁት፤ እንደሱ ተጨንቄ የሰፋሁት ልብስ የለም። ሲከፈት ሰብሳቢው የኛን ደብዳቤ አነበበና ቀና አለ። «ይሄ የትብብር ደብዳቤ ነው፣ ዋስትና አይደለም። የገንዘብ መጠን የለውም፣ የጨረታ ቁጥር የለውም፣ እስከ መቼ እንደሚጸና አይገልጽም።»

«እባካችሁ ወረዳው ጋ ደውሉላቸው» አልኩ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

«እናት፣ ጨረታ ከተከፈተ በኋላ ሰነድ አይጨመርም።»

ሰውዬው ልክ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የዋጋ ፖስታችን ሳይከፈት በእጄ ተሰጠኝ። በኋላ ውጤቱ ቦርድ ላይ ሲለጠፍ ያሸነፈው ዋጋ ከኛ በ83 ሺህ ብር ይበልጥ ነበር። ለሴቶቹ ይህን ቁጥር ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ወረዳ ተመልሼ ጮህኩ። ባለሙያው «ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚፈልጉ መጀመሪያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። አልነገርኩህም? ሲቆይ ግን ነገሩ ገባኝ። ማኅበሩ ጨረታውን አሸንፎ ውል አልፈርምም ቢል ማስከበሪያውን የሚጠየቀው ዋስ የሆነው ወረዳ ነው። ስለዚህ ዋስ ላለመሆን ሲሉ ደብዳቤውን በ«ትብብር» ያለሳልሱታል። ተንኮል አይመስለኝም፤ ፍርሃት ነው። ዋጋውን የከፈልነው ግን እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። የጨረታ ሰነዱ ውስጥ ያለውን የማስከበሪያ ቅጽ ኮፒ አደርጋለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የጨረታውን ቁጥር፣ ብሩን በአኃዝና በፊደል፣ የሚጸናበትን ቀን አስገብቼ በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ። ባለሙያው ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ እቴ! ሥራ ስለቀነስኩለት ደስ አለው። ማህተም ካረፈበት በኋላ እዚያው ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ። «ዋስ» የሚለው ቃል ከጠፋ ከቢሮው አልወጣም።

ብሩ ካላችሁ ግን፣ ሥልጠና ላይ የሚሉትን ተዉትና ሲፒኦ አሠሩ። ብትሸነፉ ይመለስላችኋል። እኔ ለደብዳቤው አራት ቀን ሙሉ ማሽኔን አቁሜያለሁ። ደብዳቤውን ስታሸንፉ ለምትጠየቁት የውል ማስከበሪያ አስቀምጡት፤ በእኛ ጊዜ የውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነበርና ነፍስ የሚያድነው እዚያ ላይ ነው። ክፍያ ላይ ደግሞ 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ አስቀድሞ የሚቀነስ ግብር) ቆርጠውብን ነበር፤ ደረሰኙን ካልያዛችሁ ግብር ስትከፍሉ አይታሰብላችሁም።

ሌላም አለኝ። ወደ መካከለኛ ተሸጋገሩ እያሉ ዋንጫና ሰርተፍኬት ያሳዩዋችኋል። በ2003ቱ ስትራቴጂ በኢንዱስትሪ የአነስተኛ ጣሪያ 30 ሰውና 1.5 ሚሊዮን ብር ካፒታል ነበር። እሱን አልፎ የተሸጋገረ ዋንጫውን ይዞ ወጣ እንጂ የዋስትና ደብዳቤው እዚያው ቀረ። ተሸጋገሩ፣ ግን ባንክ የሚያውቃችሁ ሆናችሁ ተሸጋገሩ።

በ2012 ሌላ መሥሪያ ቤት አሸነፍን፤ ሽርጥና ጋዎን። በዚያ ሰሞን ለሌላ ጉዳይ ያ የጣለን መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሳምፕላችንን ብንጠይቅ ብንጠይቅ «ስቶር ነው» እያሉ አልመለሱልንም ነበር። በሩ ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ሊፈትሽ ጎንበስ ሲል የካፖርቱን ግራ ኪስ አየሁት፤ ድርብ መስመሩ የእኔ ስፌት ነው።

«ጋሼ፣ ካፖርቱ ይሞቃል?»

«ይሞቃል፣ ልጄ። ክንዱ ትንሽ ይጠባል እንጂ።»