ከጎንደር እስከ የካ፦ የእንግሊዝ ቆንስሎችን ፈለግ ተከትሎ

የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የዲፕሎማሲ ግንኙነት እንዴት እንደተጀመረ በቦታው ማየት የሚፈልግ ሰው መነሻው አዲስ አበባ መሆን የለበትም። እኔ ከጎንደር ተነሣሁ፤ የመጀመሪያው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን የሞተው እዚያ ነውና። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ፕላውደን በ1848 ተሾመ፣ በ1849 ደግሞ በወቅቱ ኃያል መስፍን ከነበሩት ከራስ አሊ ጋር ውል ተፈራረመ። በውሉ መሠረት አንዱ ወገን የሌላውን መልእክተኛና ቆንስል ይቀበላል፤ ቆንስሉም በዜጎቹ ጉዳይ የመዳኘት ሥልጣን አለው። ራስ አሊ በ1853 አይሻል ላይ በካሣ (በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት) ሲሸነፉ ውሉም ባለቤት አጣ። በ1855 ፕላውደን ጉዳዩን ለአፄ ቴዎድሮስ ቢያቀርብም ንጉሠ ነገሥቱ ቆንስላ ይከፈት መባሉን አልተቀበሉትም። ዋናው ቅሬታቸው የዳኝነቱ አንቀጽ ነበር። በሌላ ሰው አገር ላይ ሌላ ዳኛ መትከል ዘውድ መንካት ነው፤ በእኔ እምነት ቴዎድሮስ ትክክል ነበሩ። ሰውየውን ግን ይወዱት ነበር። በ1860 ጎንደር አጠገብ ሽፍቶች አቁስለው ሲይዙት የከተማው ነጋዴዎች ቤዛ ከፍለው አስለቀቁት፤ ሆኖም ከቁስሉ አልዳነም። ቴዎድሮስም ዘምተው ደሙን ተበቀሉ።

ተተኪው ቻርልስ ዳንካን ካሜሮን በ1862 መጣ። ከንግሥት ቪክቶሪያ ያመጣው ስጦታ ጽሑፍ የተቀረጸበት ጥንድ ሽጉጥ ነበር፤ ለፕላውደን ስለተደረገለት ደግነት ምስጋና ነው። ቴዎድሮስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ። ካሜሮን ራሱ ይዞት እንዲሄድ ነበር የፈለጉት። እሱ ግን ደብዳቤውን በመልእክተኛ ወደ ምጽዋ ልኮ ወደ ሱዳን ድንበር አቀና፤ እስከ ከሰላ ከተማ ድረስ ሄደ። ከሰላን የያዙት ግብፆች ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ጠላቶች ነበሩ። ደብዳቤው በየካቲት 1863 ለንደን ገባ፤ መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ካሜሮን ባዶ እጁን ሲመለስ በጥር 1864 ታሰረ። ነገሩን ያበላሸው የመንገዱ ርቀት አይደለም፤ ሦስት ወር ከምናምን ለዚያ ዘመን ደህና ፍጥነት ነው። ያበላሸው ከደረሰ በኋላ የሆነው ነው።

ከጎንደር በወረታ አድርጎ ደብረ ታቦር ለመድረስ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም አይርቅም። በታሪካችን ሴባስቶፖል የሚባለው መድፍ የተሠራው እዚህ ነው፤ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ። ጋፋትን ሳያዩ ማለፍ ስህተት ነው፤ ቴዎድሮስ ከዲፕሎማሲ ይጠብቁት የነበረው ምን እንደሆነ የሚገባው እዚህ ነውና። ለንደን ለእሳቸው የእጅ ባለሙያ የምትልክ ወዳጅ መሆን ነበረባት። ለንደን ደግሞ ቆንስሏ ምጽዋ ተቀምጦ ንግድ እንዲጠብቅ ነበር የምትፈልገው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም የንግሥቲቱን መልስ ይዞ ምጽዋ የደረሰው በ1864 ሲሆን፣ ንጉሡ ፊት የቀረበው በ1866 መጀመሪያ ነው። እሱም በኋላ ታሰረ።

ከደብረ ታቦር በንፋስ መውጫ ወደ ጋሸና፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ወገል ጤና ይደረሳል። ከደላንታ ሜዳ ወደ በሽሎ የሚወርደው ገደል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ ወርዶ መውጣቱ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው። በክረምት አይሞከርም፤ በሽሎ ይሞላል። ማዶ አሮጌ ሜዳ አለ፤ ከዚያ ፋላ፣ ሥላሴና መቅደላ የተባሉት አምባዎች ይታያሉ። መድፉ እዚያው መቅደላ ላይ አለ። እስረኞቹን ለማስፈታት 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር አምባውን የያዘው ሚያዝያ 13 ቀን 1868፣ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው። እስረኞቹ ከዚያ በፊት ተለቀው ነበር። ቴዎድሮስ ራሳቸውን የገደሉት ከንግሥቲቱ በተላከላቸው ሽጉጥ ነው፤ ለደግነታቸው ምስጋና በተሰጣቸው።

አዲስ አበባ የካ ላይ፣ እንጦጦ ግርጌ፣ የዛሬው ኤምባሲ 35 ሄክታር ያህል ስፋት ባለው ግቢ ውስጥ ነው። መሬቱን የሰጡት አፄ ምኒልክ ናቸው። ከዐድዋ ማግስት፣ በግንቦት 1897፣ የእንግሊዝ ልዑክ ሬኔል ሮድ መጥቶ ውል ፈረመ፤ በ1898 ጆን ሌን ሃሪንግተን ቋሚ ወኪል ሆኖ ተቀመጠ። ጎረቤት ያለውን ሰፈር ሕዝቡ ዛሬም «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» ይለዋል፤ ለጋሲዮን ማለት በአምባሳደር ሳይሆን በሚኒስትር የሚመራ፣ ከኤምባሲ በማዕረግ ዝቅ ያለ መሥሪያ ቤት ነው። ግቢውን «የእንግሊዝ መሬት» የሚሉት ስህተት ነው። መሬቱ የኢትዮጵያ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይገባበትም እንጂ። በግንቦት 1936 ከተማው ሲዘረፍ ብዙ ሰው የተጠለለው በዚሁ ግቢ ነው።

በዚያን ጊዜ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። በ1868 ከመቅደላ እንግሊዛዊ መኮንን የወሰዳቸው ሕፃን እኚሁ ነበሩ። እንግሊዝ በ1938 የጣልያንን ወረራ ሕጋዊ ብላ ስታውቅ ያ ውክልና መሠረቱ ተናደ።

ከነጻነት በኋላ ጥር 31 ቀን 1942 በተፈረመው ስምምነት አዲስ አበባ ያለው የእንግሊዝ ሚኒስትር ከሌሎች አገሮች ወኪሎች ሁሉ ቀዳሚ እንዲሆን ተጻፈ። ኢትዮጵያ ይህን አንቀጽ ያስወገደችው በታኅሣሥ 1944 ስምምነት ነው። በዛሬው ደንብ የአምባሳደሮች ቅደም ተከተል የሚወሰነው ሥራቸውን በጀመሩበት ቀን ነው፤ የእንግሊዙም ተራውን ጠብቆ ይቆማል።