ትምህርት ቤት ያልነበረችው ልጅ

የማህጸን በር ካንሰር ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር፣ በቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። ተማሪዎቹ አልከበዱኝም፤ ተሰልፈው ክንዳቸውን ሰጡ። የከበደኝ ትምህርት ያቋረጡትን ማግኘት ነው።

አንዷን ምንጭ ዳር ጄሪካን ስትሞላ አገኘኋት። ቤታቸው ሄድን። እናቷ፣ "መካን ያደርጋል ይሉ የለም እንዴ?" አሉኝ። አልተቀየምኩም፤ እናት መስጋቷ ያለ ነው። ዕድሜዋን ብጠይቅ፣ "ጎርፉ ድልድዩን የወሰደ ዓመት ነው የተወለደችው" አሉ። ቆጠርነው፤ 14 ሞልቷታል።

ቡና ተፈላ። እስከ በረካ ቆየሁ። የእኔም ልጅ መከተቧን ነገርኳቸው።

"ያንቺም ተከትባለች?"

"አዎ እትዬ፣ በእጄ ይዤ ነው ያስከተብኳት።"

ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው፣ "ነይ እጅጌሽን ሰብስቢ" አሏት።