የዘር ሐረጋችንን በፓይተን ወደ ኤችቲኤምኤል እንዴት እንደቀየርኩት

አዳማ ያለችው አክስቴ የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት በቃሏ ትቆጥራለች። ተጽፎ የተቀመጠ ግን አልነበረም። እሷ ስትነግረኝ እኔ ኤክሴል ላይ ሞላሁት፣ ከዚያ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በጻፍኩት ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ዘመድ ሁሉ በስልኩ ከፍቶ ሊያየው ወደሚችል ኤችቲኤምኤል፣ ማለትም ወደ ድረ ገጽ ቀየርኩት። ኮዱ አጭር ነው። ሥራው ያለው ዳታው ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ሰውን በስም አትለዩ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡት። የቤተሰብ ስም የለንም፣ ስማችንን ተከትሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው፣ ስለዚህ ከነአባታቸው ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ዘር ውስጥ በቀላሉ ይገኛሉ። ፊደሉም አለ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለእኛ አንድ ስም ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰው። የእኔ ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ ይህን ይመስላል፦ 7፣ አልማዝ፣ 3፣ 4፣ 1938። አልማዝ 7 ቁጥር ናት፣ አባቷ 3፣ እናቷ 4፣ የተወለደችው በ1938 ዓ.ም። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ አልቀየርኩም፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ስለሆነ ወሩ ሳይታወቅ በትክክል መቀየር አይቻልም። ፋይሉን ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ ጽሑፍ) አድርጋችሁ ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን የፊደል አቀማመጥ ምረጡ፣ አለዚያ አማርኛው ይበላሻል።

ስክሪፕቱ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ወላጅ ልጆች በዲክሽነሪ፣ ማለትም የወላጁን ቁጥር ከልጆቹ ጋር አያይዞ በሚይዝ መዝገብ ይሰበስባል። ከዚያ አንድ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) የሰው ቁጥር ተቀብሎ ኤልአይ (በኤችቲኤምኤል የዝርዝር አንድ መስመር) ይከፍታል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ልጆች ካሉ ዩኤል (ዝርዝሩን ራሱን) ከፍቶ ለእያንዳንዱ ልጅ ራሱን መልሶ ይጠራል። እዚህ ጋ ረጋ በሉ፦ የልጆቹ ዩኤል ተዘግቶ ካለቀ በኋላ ነው የወላጁ ኤልአይ የሚዘጋው። ቀድሞ ቢዘጋም ብሮውዘሩ ምንም አይልም፣ ዝርዝሩም ደህና ይመስላል፤ በኋላ ግን ስም ሲነካ ልጆቹን የሚዘረጋ ነገር ልጨምር ስትሉ ልጆቹ ወላጃቸው ውስጥ የሉም።

በጣም ያሳሰበኝ የእናቶች ጉዳይ ነበር። ልጅ ሁለት ወላጅ አለው፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር ግን ቦታ የሚሰጠው ለአንዱ ብቻ ነው። በአባት በኩል ብቻ ከተወረደ እናቶች በሙሉ ይጠፋሉ። አክስቴ ደግሞ ስትቆጥር «እሱ እኮ ከመጀመሪያዋ ሚስቱ ነው» ማለት አትረሳም፣ ያ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ በአባትና በልጆች መካከል የእናትን ስም አንድ ደረጃ አድርጌ አስገባሁ። ሴት ልጆችም ከነልጆቻቸው ይወርዳሉ፣ እዚያ ደግሞ መሃል ላይ የሚገባው የባል ስም ነው።

ራቅ ያሉ ዘመዳሞች ተጋብተው ከሆነ አንድ ልጅ ሁለት ቦታ ይመጣል። የተጻፉትን ቁጥሮች ስክሪፕቱ እንዲይዝ አድርጉና ለሁለተኛው ጊዜ ሲመጣ ወደ መጀመሪያው ቦታ የሚወስድ ሊንክ ብቻ ይጻፍ። ይህ ሌላም ይጠቅማል፦ ይህ ከሌለ በቁጥር ስህተት አንድ ሰው የራሱ አያት ሆኖ ቢገባ ፈንክሽኑ መመለሻ አጥቶ ይዞራል፣ ፓይተንም 1000 ደረጃ አካባቢ ሲደርስ በኤረር ያቆመዋል።

የትውልድ ቦታ ዓምድ ከጨመራችሁ እሱንም በቁጥር ያዙት። ትልልቆቹ ናዝሬት ይላሉ፣ ልጆቹ አዳማ፣ ከተማው አንድ ነው።

በሕይወት ያሉ ሰዎችን የልደት ዓመት ገጹ ላይ አላወጣሁም፣ ሰንጠረዡ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። አሁን የእናቴን ወገን እየሞላሁ ነው፤ ረድፍ ይጨመራል እንጂ ኮዱን አልነካሁትም።